የቆዩ የጌም ኮንሶሎች ምስል በዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ

የቆዩ የጌም ኮንሶሎችን ከዘመናዊ ቴሌቪዥን ጋር ማስማማት ማለት ከ1980ዎቹ እስከ 2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የቪዲዮ ጌም መሣሪያዎች የሚያወጡትን አናሎግ ሲግናል ፍላት ስክሪን ቴሌቪዥን በትክክል እንዲያነበውና አጥርቶ እንዲያሳየው የሚያደርጉ ዘዴዎችን የሚመለከት ሙያ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እንደ ኒንቴንዶ ኢንተርቴይንመንት ሲስተም (ኤንኢኤስ)፣ ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሴጋ ሜጋ ድራይቭና የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን ያሉ ኮንሶሎች የተሠሩት ለካቶድ ጨረር ቱቦ ቴሌቪዥን ነበር። ለዓመታት ከተቀመጠበት ወጥቶ አዲስ ቴሌቪዥን ላይ የተሰካ ኮንሶል ብዙውን ጊዜ ደብዛዛ፣ ወደ ጎን የተለጠጠና ለቁልፉ ዘግይቶ የሚታዘዝ ምስል ያሳያል። ይህን ያየ ሰው ኮንሶሉ ያረጀ ወይም ጌሙ ድሮም እንዲህ አስቀያሚ የነበረ ይመስለዋል። እውነታው ግን ኮንሶሉ የሚልከው ምስል በዚያው ዘመን ከነበረው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተቀባዩ ነው።

የካቶድ ጨረር ቱቦና 240 መስመር

በካቶድ ጨረር ቱቦ ቴሌቪዥን፣ ማለትም ከኋላው ትልቅ ሆድ ባለው ከባዱ ቴሌቪዥን ውስጥ፣ ምስሉ የሚሠራው በኤሌክትሮን ጨረር ነው። ጨረሩ ስክሪኑ ከውስጥ የተቀባበትን ፎስፈር ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እየመታ ያበራዋል። በአሜሪካና በጃፓን በተሠራበት የኤንቲኤስሲ ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 525 መስመር አለው፤ በአብዛኛው የአውሮፓ ክፍልና በኢትዮጵያ በተሠራበት የፓል ሥርዓት ደግሞ 625። ከእነዚህ ውስጥ ምስል የሚይዙት 480 ያህሉና 576 ያህሉ ናቸው።

የቴሌቪዥን ሥርጭት ይህን ሁሉ መስመር በአንድ ጊዜ አይልክም። መጀመሪያ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን መስመሮች፣ ቀጥሎ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን ይልካል። እያንዳንዱ ግማሽ ምስል ፊልድ ይባላል። በኤንቲኤስሲ በሰከንድ 60፣ በፓል 50 ያህል ፊልዶች ይተላለፋሉ፤ ዓይንም ሁለቱን ግማሾች አዋህዶ ያያቸዋል። ይህ አሠራር የተጠላለፈ ይባላል፤ በአጭሩም 480አይ ተብሎ ይጻፋል።

ሁለተኛው ፊልድ ከመጀመሪያው መስመሮች መካከል ገብቶ የሚያርፈው በአንድ ትንሽ ምክንያት ነው፦ 525 ለሁለት ሲካፈል 262 ከግማሽ ይሆናል። ያቺ ግማሽ መስመር ቀጣዩን ፊልድ ትንሽ ዝቅ ታደርገዋለች። የኮንሶል መሐንዲሶች ይህችን ግማሽ መስመር ተዋት። ኮንሶሎቻቸው በየፊልዱ ልክ 262 መስመር (በፓል 312) ስለሚልኩ እያንዳንዱ ፊልድ በቀደመው ላይ በትክክል ይደረባል። ውጤቱ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስ፣ 240 ያህል መስመር ያለውና የማይርገበገብ ሙሉ ምስል ነው። ይህ ሲግናል 240ፒ ይባላል። የቴሌቪዥን ሥርጭት ደረጃዎች ያላቀዱት፣ ነገር ግን ቱቦው ያለ ምንም ችግር የተቀበለው ብልሃት ነበር። ጨረሩ ያልነካቸው መስመሮች ጨለማ ሆነው ስለሚቀሩ በብሩህ መስመሮቹ መካከል ቀጫጭን ጥቁር ክፍተቶች ይታያሉ። የድሮ ጌም ወዳዶች ዛሬ «ስካንላይን» ብለው የሚናፍቋቸው እነዚህን ክፍተቶች ነው።

የምስሎቹ ስፋት ከኮንሶል ኮንሶል ይለያያል። ኤንኢኤስ 256 በ240፣ ሱፐር ኒንቴንዶ በአብዛኛው 256 በ224፣ ሜጋ ድራይቭ በአብዛኛው 320 በ224 ፒክሰል ይሠራሉ። ፕሌይስቴሽን በጎን ከ256 እስከ 640 በሚደርሱ ስፋቶች መሥራት ይችላል፤ አንዳንድ ጌሞቹም በመሃል ከ240ፒ ወደ 480አይ ይቀያየራሉ።

ዘመናዊው ቴሌቪዥን ምስሉን እንዴት ያበላሸዋል

የኤልሲዲና የኦሌድ ስክሪን ቋሚ የፒክሰል ሰሌዳ ነው። ሙሉ ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080፣ 4ኬ የሚባለው ደግሞ 3840 በ2160 ፒክሰል አለው። ማንኛውም ምስል በዚህ ሰሌዳ ላይ ከመታየቱ በፊት ወደ እሱ መጠን መቀየር አለበት። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ሥራ ቀደም ብሎ፣ ቴሌቪዥኑ የደረሰውን ሲግናል ምንነት ሲወስን ነው።

አብዛኞቹ ፍላት ቴሌቪዥኖች 240ፒን አያውቁትም። የመስመሩ ፍጥነት ከ480አይ ጋር አንድ ስለሆነ (በሰከንድ 15,700 መስመር ገደማ) እንደ ተጠላለፈ ሥርጭት ይቆጥሩታል። ስለዚህ ሁለት ተከታታይ ምስሎችን ወስደው የአንድ ምስል ሁለት ግማሽ እንደሆኑ አድርገው ያዋህዷቸዋል። ምስሎቹ ግን በሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች የተሳሉ ናቸው። የሚሮጥ ገጸ ባሕሪ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሆናል፤ ጽሑፉም ይንቀጠቀጣል።

ከሁሉ የከፋው ብልጭ ድርግም በሚሉ ነገሮች ላይ የሚደርሰው ነው። በዚያ ዘመን የተመታ ገጸ ባሕሪ አንድ ፍሬም ታይቶ በቀጣዩ እየተሰወረ ብልጭ ድርግም እንዲል ይደረግ ነበር። ከእግሩ ሥር ያለው ጥላም ብዙ ጊዜ በየሁለተኛው ፍሬም ብቻ ይሳል ነበር፤ በቱቦ ላይ ሲታይ በከፊል ብርሃን የሚያስተላልፍ ይመስላል። ፍሬሞችን እያጣመረ ወይም አንዱን እየጣለ የሚሄድ ቴሌቪዥን ላይ ግን ጥላው ጨርሶ ይጠፋል፤ አለዚያም ተጫዋቹ ራሱ ለአንድ ሰከንድ ከስክሪኑ ላይ ይሰወራል። ጌሙ ሊነግረው የፈለገውን ነገር ቴሌቪዥኑ ሰርዞበታል ማለት ነው። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ደግሞ ከናካቴው «ሲግናል የለም» ይላሉ።

ከዚህ በኋላ ነው መጠኑ የሚቀየረው። 480 መስመር ወደ 1080 ሲለጠጥ እያንዳንዱ መስመር 2.25 እጥፍ መሆን አለበት። ፒክሰል ተቆርሶ ሩቡ ሊታይ ስለማይችል ቴሌቪዥኑ አጎራባች ቀለሞችን እያደባለቀ ይሞላዋል። ይህ ለፊልም ተስማሚ ነው፤ በእጅ አንድ በአንድ ለተደረደሩ ፒክሰሎች ግን አይሆንም።

ገመድ

የምስሉን ጥራት በቅድሚያ የሚወስነው ከኮንሶሉ የሚወጣው ሲግናል ዓይነት ነው። በኋላ የሚመጣ መሣሪያ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ገመዱ ውስጥ የጠፋውን አይመልስም።

ዝቅተኛው በአንቴና ቀዳዳ የሚገባው ነው፤ ድምፅንና ምስልን እንደ አንድ ጣቢያ ሥርጭት አድርጎ ይልካል። ቀጥሎ ያለው ኮምፖዚት ነው። ብዙ ሰው በቢጫ፣ በነጭና በቀይ ራሶቹ የሚያውቀው፣ ከፕሌይስቴሽን 2 ጋር በሳጥኑ ውስጥ ይመጣ የነበረው ገመድ ይህ ነው። ምስሉን የሚሸከመው ቢጫው ብቻ ነው፤ ሁለቱ ድምፅ ናቸው። ኮምፖዚት የምስሉን ብርሃንና ቀለም በአንድ ሽቦ አደባልቆ ስለሚልክ ቴሌቪዥኑ መልሶ መለየት ይኖርበታል። ይህ ልየታ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ቀይ ቀለም ከጠርዙ ይፈሳል፤ በቀለማት ድንበር ላይም የሚሳቡ ነጠብጣቦች ይታያሉ።

ኤስ ቪዲዮ ብርሃኑንና ቀለሙን በሁለት ሽቦ ስለሚለያቸው ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ኮምፖነንት (አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ራስ ያለው) እና አርጂቢ ደግሞ ምስሉን በሦስት የተለያዩ ሽቦዎች ይልካሉ፤ በሁለቱ መካከል በዓይን የሚለይ የጥራት ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። አርጂቢ በአውሮፓ የተስፋፋው ስካርት በሚባለው ባለ 21 እግር ሰፊ ማገናኛ ነው። ማገናኛው የተፈጠረው በፈረንሳይ ሲሆን፣ እዚያ ከ1980 ጀምሮ በሚሸጡ ቴሌቪዥኖች ላይ ግዴታ ሆኖ ነበር። በዚህ ምክንያት አውሮፓውያን ተጫዋቾች አሜሪካውያን ያላገኙትን ጥራት በቤታቸው አግኝተዋል። ጃፓን በመልኩ ከስካርት ጋር አንድ የሆነ ነገር ግን የእግሮቹ አደራደር የተለየ ማገናኛ ነበራት። ሁለቱን አሳስቶ መሰካት መሣሪያ ሊያቃጥል ስለሚችል ገመድ ሲገዛ የቱ እንደሆነ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሱፐር ኒንቴንዶ፣ ሜጋ ድራይቭ፣ ሴጋ ሳተርንና ፕሌይስቴሽን አርጂቢን ከፋብሪካ ጀምሮ ያወጣሉ፤ የሚፈልጉት ትክክለኛ ገመድ ብቻ ነው። ኤንኢኤስ ግን አይችልም። የምስል ቺፑ ራሱ ኮምፖዚት ስለሚሠራ፣ አርጂቢ ለማግኘት ኮንሶሉን ከፍቶ ተጨማሪ ሰሌዳ መበየድ ያስፈልጋል። ኒንቴንዶ 64ም ሳይቀየር አርጂቢ አያወጣም፤ ኤስ ቪዲዮ ግን በብዙ ሞዴሎቹ ላይ አለ። ሴጋ ድሪምካስት (1998) በዚህ ዘርፍ ልዩ ነው፦ ለኮምፒውተር ሞኒተር በሚሆነው ቪጂኤ 480 መስመር ያልተጠላለፈ ምስል ያወጣል፤ አብዛኞቹ ጌሞቹም ይህን ይቀበላሉ። ፕሌይስቴሽን 2 ኮምፖነንት ገመድ ሲሰካለት በራሱ ማስተካከያ ገጽ ላይ የሲግናሉ ዓይነት ከአርጂቢ ወደ ኮምፖነንት መቀየር አለበት። ይህን የረሳ ሰው ቀለሙ የተዛባ ምስል ያያል፤ ገመዱ የተበላሸ መስሎትም ይጥለዋል።

ምስሉ ላይ ቀጥ ብለው የሚወርዱ ፈዛዛ መስመሮች ካሉ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከኮንሶሉ ውስጥ ወይም ከኤሌክትሪክ መለወጫው የሚመጣ ጫጫታ ነው። መለወጫ ሲተካ ቮልቱ ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም መታየት አለበት፦ የኤንኢኤስ መለወጫ የሚያወጣው 9 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ የጃፓኑ ፋሚኮም ግን ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የአንዱን በሌላው መሰካት ኮንሶሉን ሊገድለው ይችላል።

ሲግናሉን የሚቀይሩ መሣሪያዎች

ገበያ ላይ በብዛትና በርካሽ የሚገኘው ቢጫውን ገመድ ተቀብሎ በኤችዲኤምአይ የሚያወጣ ትንሽ ሳጥን ነው። ገንዘብ በከንቱ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። ሳጥኑ ኮምፖዚትን ይቀበላል፤ 240ፒን እንደ 480አይ ያነባል፤ ከዚያም ያደበዝዛል። ቴሌቪዥኑ ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ያንኑ ስሕተት ቀድሞ ይሠራለታል። መውጫው ኤችዲኤምአይ መሆኑ ምስሉን ዲጂታል ያደርገዋል እንጂ የተሻለ አያደርገውም። ጥቅም የሚሰጠው ቴሌቪዥኑ የአናሎግ መግቢያ ጨርሶ ከሌለው ነው፤ ይህ ደግሞ በአዳዲሶቹ ላይ እየተለመደ መጥቷል።

ለዚሁ ሥራ ተብለው የተሠሩት መሣሪያዎች በሁለት መንገድ ይሠራሉ። የመጀመሪያው መስመር ማባዛት ነው። መሣሪያው አንድ መስመር ተቀብሎ ወደ ዲጂታል ይቀይርና ሁለት፣ ሦስት ወይም እስከ አምስት ጊዜ ደጋግሞ ያወጣዋል። ሙሉ ምስሉ እስኪደርስ ስለማይጠብቅ የሚጨምረው መዘግየት ከቁጥር አይገባም። በዚህ መንገድ የታወቀው ኦኤስኤስሲ የተባለው መሣሪያ ነው፤ ንድፉና ሶፍትዌሩ ለማንም ክፍት ነው። ጉዳቱ የሚያወጣው ሲግናል የኮንሶሉን የጊዜ አቆጣጠር እንዳለ መያዙ ነው። ለምሳሌ የኤንቲኤስሲው ሱፐር ኒንቴንዶ በሰከንድ 60.1 ያህል ጊዜ ምስሉን ያድሳል፤ የቴሌቪዥን ደረጃው ግን 59.94 ነው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም አንዳንድ ቴሌቪዥኖች በዚህ ምክንያት ምስሉን አይቀበሉም ወይም በየጊዜው ያቋርጡታል።

ሁለተኛው መንገድ ሙሉ ምስሉን በማስታወሻ ይዞ ቴሌቪዥኑ በሚወደው ደረጃ እንደገና ማውጣት ነው። የጃፓኑ ማይኮምሶፍት ያወጣው ኤክስአርጂቢ ሚኒ ፍሬምማይስተር ለዓመታት የዚህ መንገድ መለኪያ ነበር፤ ምርቱ ቆሟል። ማይክ ቺ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ የሠራቸው የሬትሮቲንክ መሣሪያዎች ቦታውን ወስደዋል፤ ሬትሮቲንክ 5ኤክስ ፕሮ በ2021፣ ሬትሮቲንክ 4ኬ በ2023 ወጥተዋል። እነዚህ የተጠላለፈ ምስልንም በአግባቡ ስለሚይዙ ለፕሌይስቴሽን 2 ይመረጣሉ፤ የዚያ ኮንሶል ጌሞች ባብዛኛው 480አይ ናቸውና።

የእጥፉ ቁጥር ሙሉ መሆኑ ወሳኝ ነው። 240 መስመር በ4 ሲባዛ 960 ይሆናል፤ በ1080 ስክሪን ላይ ከላይና ከታች 60 60 መስመር ጥቁር ይተርፋል። በ5 ሲባዛ 1200 ስለሚሆን 120 መስመር ከስክሪኑ ውጭ ይወድቃል። ይህ የሚመስለውን ያህል አይከፋም፤ የሱፐር ኒንቴንዶ 224 መስመር በ5 ሲባዛ 1120 ሆኖ ከምስሉ የሚቆረጠው 8 መስመር ብቻ ነው። ድሮም ቱቦዎቹ ዳር ዳሩን ይሸፍኑት ስለነበር ሠሪዎቹ በዚያ አካባቢ ዋና ነገር አያስቀምጡም ነበር። በ4ኬ ስክሪን ላይ ግን ሒሳቡ ያለ ምንም ትርፍ ይገጥማል፦ 240 በ9 ልክ 2160 ነው።

ኮንሶሉን ከፍቶ ምስሉ ወደ አናሎግ ሳይቀየር ገና ዲጂታል እንዳለ በኤችዲኤምአይ የሚያወጣ ሰሌዳ መግጠምም ይቻላል። ከሁሉ የጠራው ምስል የሚገኘው በዚህ ነው፤ ብየዳው ግን የለመደ እጅ ይፈልጋል፤ በአንድ ስሕተትም ኮንሶሉ ሊጠፋ ይችላል።

የምስሉ ቅርጽ

የቆዩት ኮንሶሎች ምስል የተሠራው 4 ለ3 ለሆነ ስክሪን ነው። ቴሌቪዥኑ ወደ 16 ለ9 ሲለጥጠው ሁሉም ነገር በሲሶ ይወፍራል፤ ኳሱ እንቁላል ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ 4 ለ3ን መርጦ በግራና በቀኝ ጥቁር ቦታ መተው።

በተቃራኒው ሌላ ስሕተት አለ። የሱፐር ኒንቴንዶን 256 በ224 ፒክሰል እያንዳንዳቸውን ፍጹም ካሬ አድርጎ ማሳየት ምስሉን ያቀጥነዋል፤ በቱቦ ላይ ፒክሰሎቹ ከቁመታቸው ይልቅ ስፋታቸው ይበልጥ ነበርና። ሠሪዎቹ ራሳቸው በዚህ አንድ አልነበሩም። አንዳንዱ ክቡን በቴሌቪዥን ላይ ክብ እንዲመስል አስቦ ሣለው፤ ሌላው በካሬ ወረቀት ላይ እንደሣለው ተወው።

መዘግየት

አንድ ፍሬም በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚታደስ ጌም 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ቱቦ ያለው ቴሌቪዥን የደረሰውን መስመር ወዲያው ስለሚያበራ የሚያዘገየው ነገር የለም። ዘመናዊው ቴሌቪዥን ግን ምስሉን ለማሳመር በርካታ ፍሬሞችን ይዞ ያመዛዝናል፤ መዘግየቱ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ስድስት ፍሬም ዘግይቶ የሚዘል ገጸ ባሕሪ ገደል መግባቱ የተጫዋቹ ጥፋት አይደለም። የ1980ዎቹ ጌሞች ከባድነት የተለካው መዘግየት በሌለበት ስክሪን ላይ ስለነበር፣ ዛሬ «ይህ ጌም የማይቻል ነው» የሚባልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ምንም ሳይገዛ የሚገኘው ትልቁ መሻሻል እዚህ ላይ ነው። «ጌም ሞድ» የሚለውን ማብራት፣ እንቅስቃሴን የሚያለሰልሰውንና ጫጫታ የሚቀንሰውን ማጥፋት፣ ጠርዝ የሚያሰላውንም ወደ ዝቅተኛው ማውረድ ይበቃል።

የፓልና የኤንቲኤስሲ ልዩነት

በፓል አገሮች የተሸጡ ኮንሶሎች በሰከንድ 50 ፍሬም ስለሚያወጡ፣ በ60 ታስበው የተሠሩና ሳይስተካከሉ የተላለፉ ጌሞች በ17 ከመቶ ያህል ቀርፋፋ ነበሩ። ምስሉም የፓልን ተጨማሪ መስመሮች ስለማይሞላ ከላይና ከታች ጥቁር ቦታ ነበረው። በእነዚህ አገሮች ያደገ ተጫዋች የኤንቲኤስሲውን ቅጂ መጀመሪያ ሲያይ የፈጠነ ይመስለዋል፤ የተፈጥሮ ፍጥነቱ ግን ያ ነው።

የኢትዮጵያ የቀለም ሥርጭት በፓል ስለተሠራ ለዚያ ገበያ የተሠሩ የድሮ ቴሌቪዥኖች የኤንቲኤስሲን ቀለም ሁሉም አይረዱም ነበር። ከአሜሪካ የመጣ ኮንሶል በኮምፖዚት ሲሰካባቸው ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የሚሸጡት ፍላት ቴሌቪዥኖች ባብዛኛው ሁለቱንም ይቀበላሉ። አርጂቢና ኮምፖነንት የቀለም ሥርዓት ስለማያስፈልጋቸው ይህ ጥያቄ አያገኛቸውም።

ጥራት ሁልጊዜ መሻሻል ነው?

የጠራ ምስል ሁሉ ሠሪው ያሰበው ምስል አይደለም። ሜጋ ድራይቭ ካሉት 512 ቀለማት በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 64 ገደማ ነው፤ አንዱን ምስል በሌላው ውስጥ አሳልፎ የሚያሳይበት በቂ መንገድም አልነበረውም። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ የኮምፖዚትን ብዥታ እንደ ቀለም መቀቢያ ተጠቀሙበት። በ1991 የወጣው ሶኒክ ዘ ሄጅሆግ ውስጥ ያለው ፏፏቴ የዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ውኃው የተሣለው በቀጭን ቋሚ መስመሮች፣ አንዱ ውኃ ቀጣዩ ክፍት ሆኖ ነው። በኮምፖዚት መስመሮቹ ይዋሃዱና ከኋላው ያለውን የሚያሳይ ውኃ ይሆናሉ። በአርጂቢ ግን ፏፏቴው የብረት ዘንጎች ረድፍ ይመስላል።

ሴጋ ሳተርን በከፊል ብርሃን የሚያሳልፉ ነገሮችን ለመሣል ስለሚቸገር ብዙ ጌሞቹ በቦታው እንደ ወንፊት ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ሥዕል ይጠቀማሉ። ፕሌይስቴሽንም ጥቂት ቀለማቱን ብዙ ለማስመሰል ምስሉ ላይ ጥቃቅን ነጠብጣብ ይበትናል። በቢጫው ገመድ ማንም አያየውም ነበር፤ በ4ኬ ስክሪን ላይ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል።

የፎስፈሩ ብርሃን ራሱም የሥዕሉ አካል ነበር። ብሩህ ፒክሰል ወደ ጎን ስለሚፈካ የፊት ጠርዝ ይለሰልሳል፤ በአንዲት ቀይ ነጠብጣብ የተሣለ ዓይንም የሚያይ ዓይን ይሆናል። ያው ፊት በካሬ ፒክሰሎች ሲገለጥ የተሰባበረ ድንጋይ ነው።

በዚህ የተነሳ የድሮውን ስክሪን ጠባይ መልሶ የሚፈጥሩ ማጣሪያዎች ተሠርተዋል። ቀላሎቹ ጥቁር መስመር ብቻ ይጨምራሉ፤ ይህም ምስሉን ያጨልመዋል። የተሻሉት የፎስፈሩን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነጥቦች፣ የብርሃኑን መፍካትና የመስታወቱን ጉብታ ሳይቀር ያስመስላሉ። ጥሩ ሆነው የሚታዩት በ4ኬ ላይ ነው፤ ለአንድ የድሮ መስመር ዘጠኝ አዲስ መስመር ስላለ ዝርዝሩን መሣያ ቦታ ይገኛል። ስክሪኑ በበዛ ቁጥር ወደ ድሮው ብዥታ መጠጋት መቻሉ ጥቂት የሚያስቅ ነገር ነው።

እንቅስቃሴ ግን በማጣሪያ አይድንም። ቱቦ ላይ እያንዳንዱ ነጥብ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ኤልሲዲና ኦሌድ ላይ ምስሉ ቀጣዩ እስኪመጣ ቆሞ ይቆያል። የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከታተል ዓይን ስለዚህ ብዥታ ያያል። በፍሬሞች መካከል ጥቁር ፍሬም የሚያስገቡ ቴሌቪዥኖች ይህን ይቀንሳሉ፤ በምትኩ ስክሪኑ ይጨልማል።

ኮንሶሉን ሳይጠቀሙ

ኒንቴንዶ በ2016 እና በ2017 ያወጣቸው ትናንሽ ኮንሶሎች የድሮዎቹን ጌሞች በኢሙሌተር ሠርተው በቀጥታ በኤችዲኤምአይ ያሳያሉ። ኢሙሌተር በኮምፒውተር ላይም ይሠራል፤ እንደ ሬትሮአርች ያሉት ከላይ የተጠቀሱትን ማጣሪያዎች ያለ ተጨማሪ ወጪ ይሰጣሉ። ለተማሪ ልዩነቱን በዓይኑ ለማየት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። ከዚህ የሚለየው በኤፍፒጂኤ ላይ የተመሠረተው ሥራ ነው። ኤፍፒጂኤ ውስጣዊ አደራደሩ ከተመረተ በኋላ ሊቀየር የሚችል ቺፕ ሲሆን፣ የድሮውን ኮንሶል ዑደት እንዲመስል ይደራጃል። ሚስተር የተባለው ክፍት ፕሮጀክትና በ2018 የወጣው የአናሎግ ኩባንያ ሱፐር ኤንቲ በዚህ ይታወቃሉ፤ ሱፐር ኤንቲ የሱፐር ኒንቴንዶን እውነተኛ ካርትሪጅ ይቀበላል።

የብርሃን ጠመንጃዎች

ምንም ዓይነት ገመድ ወይም መሣሪያ የማይፈታው አንድ ነገር ቀርቷል። የኤንኢኤስ ጠመንጃ ዛፐር፣ እንደ ዳክ ሀንት ባሉ ጌሞች ላይ ጥይት አይተኩስም፤ ብርሃን ይቀበላል። ቃታው ሲሳብ ጌሙ ስክሪኑን ለቅጽበት ያጨልምና ዳክዬዋ ባለችበት ቦታ ነጭ ሣጥን ይስላል። በጠመንጃው አፍ ውስጥ ያለው ብርሃን ለኪ ያንን ነጭ በተጠበቀው ፍሬም ላይ ካየ ዳክዬዋ ተመታለች። ለኪው የቱቦውን የመስመር ፍጥነት ለይቶ እንዲቀበል የተቃኘ በመሆኑ አምፖል ላይ በማነጣጠር ማታለል አይቻልም። ፍላት ስክሪን ነጩን ሣጥን አዘግይቶ ያሳያል፤ ሲያሳይም እንደ ቱቦ አይርገበገብም። ጠመንጃው ስለዚህ ምንም አያይም።

ካሜራ ይዘው የስክሪኑን ጠርዝ በማየት የሚያነጣጥሩ አዳዲስ ጠመንጃዎች ከኢሙሌተር ጋር ይሠራሉ። ከዋናው ኮንሶልና ከዋናው ዛፐር ጋር ለመጫወት የሚፈልግ ግን ቱቦ ያለው ቴሌቪዥን ማግኘት አለበት። እነዚህ በስፋት መመረት ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ የተገኘውንም ከፍቶ መጠገን ለባለሙያ ብቻ የሚተው ነው፤ በባለ ቀለም ቱቦ ውስጥ ከ20,000 በላይ ቮልት ይሠራል፤ ከተነቀለም በኋላ የተጠራቀመው ሊቆይ ይችላል።